በቃሬዛ የሄደው ወፍጮ

ከሰቆጣ ከተመለስኩ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ለመሆኑ መኪና ይገባል?" ይገባል። ሰቆጣ ድረስ፣ በጋ ከሆነ፣ ሾፌሩም ከመኪናው ጋር ካልተጣላ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእያንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ቆሜ ከማስረዳ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። እኔም ባልታዘዝ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ሥራዬ የእህል ወፍጮ መትከል ነው። ከአምደወርቅ ወዲህ ላለ አንድ የገበሬ ማኅበር የናፍታ ወፍጮ ተፈቅዶ፣ አድርሰህ ትከል ተባልኩ። ኃላፊያችን ትእዛዙን የሰጠኝ እየሳቀ ነበር። "ጓድ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ከተከልከው ተከልከው። ካልሆነ ስትመለስ ኮረም ላይ ላለው ማኅበር ታስረክባለህ። እነሱ ወፍጮ የላቸውም፣ መንገድ ግን አላቸው። መንገድ በሌለበት ማሽን ምን ያደርጋል?" አለኝ። ነገሩ ውሸት አልነበረም። እኔ ደግሞ የጫንኩትን ሳልተክል መመለስ የማልወድ ችኮ ነኝ፤ ሚስቴን ጠይቁ።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ተነሳን። ጋቢናው ውስጥ እኔና ሾፌሩ ይማም፣ ከኋላ ወፍጮው። ይማም የወሎን መንገድ ሲመላለስበት ያረጀ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ኩርባ በስሙ እየጠራ ይሰድበዋል።

ደሴን አልፈን ወደ ወልዲያ ስንወርድ ስለ አገሬ ጉራዬን ነዛሁበት። የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንኩ ፋብሪካ ማየት ብርቄ አይደለም፤ ፋብሪካ እኛ ዘንድ የመጣውም እኛ ጎበዞች ስለሆንን ነው ብዬ አምን ነበር። ይማም በሳቅ ፈረሰ።

"እናንተ ደሞ ምን አላችሁ? ጥጡ ከሌላ አገር፣ ማሽኑ ከባሕር ማዶ። ያላችሁ መታጠፊያ ነው። ወደ አሰብ የሚታጠፍ መኪና እናንተ ዘንድ ይቆማል። ሾፌር ከቆመ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ከሻይ ቤቱ ጎን ጋራዥ፣ ከጋራዡ ጎን ፋብሪካ። መታጠፊያው ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማሽላ እየጠበቅህ ነበር" አለኝ።

ተናደድኩ። እስከ ቆቦ ድረስ በመስኮት እያየሁ ተኮራርፈን ሄድን። ቆቦ ያደርንበት ቤት አልጋው ትኋን ነበረበት፤ ይማም ይህን ያውቅ ኖሮ ጋቢናው ውስጥ ተኛ፣ እኔን ግን አልነገረኝም።

ማክሰኞ

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ተራራ ጠመዝማዛ ነው። ግማሹ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ከፈነዳው የሚሻለው በስም ብቻ ነበር። በድንጋይ ደግፈን፣ በእጅ ነፍተን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ኮረም ገባን። ከሜዳው ሙቀት ወጥተን እዚያ ስንደርስ ብርዱ ደሴን አስታወሰኝ።

ኬላው ላይ ያለው ሚሊሺያ የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና የት እንደምንሄድ ጠየቀ። ነገርኩት። "ከሰቆጣ ወዲያ በምን ልታደርሱት ነው?" አለ። ማሽኑን ለማየት ሸራውን ገልጦ ቆየ፤ ለፍተሻ ሳይሆን ለማዘን ይመስል ነበር።

የኮረም ማኅበር ሰዎች ወሬውን ሰምተው ጠበቁን። እራት ጋበዙን፣ ማደሪያ ሰጡን፣ ትኋን የሌለበት። ጠዋት ስነሳ ሽማግሌያቸው ወፍጮውን በእጃቸው እየዳበሱ አገኘኋቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የነሱም ሴቶች በእጅ ነው የሚፈጩት። ግን ሙሽራዋን አይቶ ቀኑን የሚጠብቅ ቤተ ዘመድ ሆኑብኝ። "መንገዱ እንቢ ካላችሁ እኛ አለን" አሉኝ ሽማግሌው ስንለያይ። አመስግኜ ወጣሁ፤ ጥርሴን ነክሼ።

ረቡዕ

የሰቆጣ መንገድ መኪናን ሳይሆን የሰውን ወገብ የሚፈትን ነው። ኮረብታውን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። አገሩ ገደልና ድንጋይ፣ በየገደሉ ጠርዝ ደግሞ ጤፍና ገብስ የተዘራበት ምላስ የምታክል መሬት። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ቦታ ፍየል እንኳ አንለቅበትም። ሰማዩ በስተምዕራብ መጥቆር ጀምሮ ነበር፤ እኔም ከመንገዱ ይልቅ እሱን ሳይ ዋልኩ።

ሰቆጣ የገባነው ተሲያት ነው። የይማም ደንበኛ የሆኑ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጡን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ምግብ ሲያቀርቡ ሽሮ ብቻ ነበር፤ ቅቤ አልነካውም። በሆዴ አዘንኩ። "ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ጾም ነው ብዬ ነው" አሉኝ። እኔ በጉዞው ድካም ቀኑንም ጾሙንም ረስቼ ነበር። ክርስቲያኑን እንግዳ ጾሙን ያስታወሱት እስላሟ ባለቤት ናቸው።

ከእራት በኋላ ሐጂ ሱቃቸው ደጅ ላይ ተቀምጠን አጫወቱኝ። ሱቃቸው ውስጥ ኩራዝ፣ ሳሙና፣ የላስቲክ ጫማ አለ። ደጃፉ ላይ የፍየል ቆዳ ተቆልሏል።

"ይኸ ቆዳ ከዚህ ይወጣል" አሉኝ። "የት እንደሚለፋ አላውቅም። ጫማ ሁኖ ሲመለስ ግን ሻጩ እኔ ነኝ። ማራችንም እንደዚያው ነው፤ ነጭ ማር እንዲህ ያለ የለም፣ ሌላ ከተማ ሌላ ስም ይሰጡታል።"

"ከተማው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?" አልኳቸው።

"ኧረ ወላሂ። በአባቴ ጊዜ ጨው ከቆላ በግመል እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ግመል ከዚህ ወዲያ ደጋውን አይችለውም። እዚህ ይራገፍና በበቅሎ ይጫናል። ግመሉ የሚቆምበት፣ በቅሎው የሚነሳበት ቦታ ሁኖ ነው ሰቆጣ ሰቆጣ የሆነው። በኋላ መኪና መጣ። መኪና ግመልም በቅሎም አይለይም፤ በኮረም በኩል ጥሶ ሄደ። እኛ ካለንበት አልተንቀሳቀስንም ልጄ፣ መንገዱ ነው ጥሎን የሄደ።"

የይማም መታጠፊያ ትዝ አለኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ በዓይኑ ይስቅብኛል፤ የኛን አገር ጎበዝ ያደረገው ያው የሰቆጣን ጎበዞች ቁጭ ያደረጋቸው ነገር ነው። ይህን ማመን አልወደድኩም፣ ግን አመንኩ።

ሐሙስ

ወፍጮው የሚሄድላቸው ሰዎች በቅሎና አህያ ይዘው ደረሱ። መሪያቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ኪሮስ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም ሰው። አብረዋቸው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ወለላ መጥተዋል። እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ይነጋገራሉ፣ ለኔ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። የወለላን እጅ ስጨብጥ የእጅ አንጓቸው አብጦ አየሁ። የእድሜ ልክ የእጅ ወፍጮ ያመጣው ነው። ልጃቸው ትምህርት ቤት የምትሄደው እህሉ ተፈጭቶ ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እንደማትሄድ ነገሩኝ።

በቅሎዎቹን አየኋቸው። ቺንጊያ የምንለውን የሞተር ቀበቶ፣ መቀመጫውን፣ ቱቦውን ይችላሉ። የሞተሩን ዋና አካል ሞኖብሎኮውን፣ ቮላኖ የምንለውን ከባዱን መዘውርና ሁለቱን የወፍጮ ድንጋዮች ግን በቅሎ በዚያ ገደል ይዛቸው አትወርድም። ወፍጮ ፈትቼ ብበትነው ይለያያል እንጂ አይቀልም።

"ይኸ አይሆንም" አልኳቸው። የኮረሙ ሽማግሌ በሐሳቤ መጡብኝ።

ወለላ ሞኖብሎኮውን ዞረው አዩት። "ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት በምን ይሄዳል?" አሉኝ።

"በቃሬዛ።"

"ይኸም በቃሬዛ ይሄዳል" አሉና ባሕር ዛፍ ለማስቆረጥ ሄዱ። ስለ ክብደቱ ልከራከራቸው አፌን ስከፍት ጀርባቸውን ነው ያገኘሁት።

ቃሬዛ በዚያ አገር እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሲታመም የቀበሌው ሰው ተሸክሞ እስከ ወሰኑ ያደርሰዋል። ወሰኑ ላይ የሚቀጥለው ቀበሌ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ይቀበላል፣ እሱም እስከ ወሰኑ ያደርሳል። ለዚህ ከተራራ ጫፍ የሚጣራ ሰው አለ። ቃሬዛው ወሰን ሳይደርስ መሬት አይነካም፤ ትከሻ የሚቀየረው እየሄዱ ነው። የኛ ከተማ አምቡላንስ ነዳጅ የለኝም ብሎ የሚቆምበት ቀን አለ፤ የነሱ ቃሬዛ ቆሞ አያውቅም።

ቀኑን ሙሉ ስፈታ ዋልኩ። ሐጂ እንድሪስ ከቆዳ የተሰነጠቀ ጠፍር አወጡልን፤ ከባድ ከባዱን ዕቃ በየቃሬዛው እንጨት ላይ በሱ ጠፍረን አሰርነው። ያ ቆዳ አገሩን ሳይለቅ ለአገሩ ሲሠራ ማየቴ ደስ አሰኘኝ። ይማም ከመኪናው ጋር ሰቆጣ ቀረ። "አብሽር፣ ዝናብ እስኪመጣ እጠብቅሃለሁ፤ ከመጣ ግን መኪናውን ይዤ ወጣሁ" አለኝ።

ዓርብ

ለጉዞው ብዬ አዲስ ቦቲ ገዝቼ ነበር። ጠዋት የመጀመሪያዋን ቁልቁለት ሳንጨርስ ተረከዜ ተላጠ። ከፊቴ የሚሄዱት ሞተር ተሸክመው አያነክሱም፣ እኔ የመፍቻ ቦርሳዬን ብቻ ይዤ አነክሳለሁ። አንዱ "አንተንም እንሸከምህ?" ብሎ ትርፍ ቃሬዛ አሳየኝ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አይሆንም ብዬ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ወሰን የመጀመሪያው ቀበሌ ሰዎች ያለ ነገር ተቀበሉን። እነዚህ ለሰቆጣ ቅርብ ስለሆኑ ወሬውን ሰምተዋል። ወስደው እስከ ሁለተኛው ወሰን ሲያደርሱን ደግሞ የሚቀጥለው ቀበሌ ሰዎች ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቁናል። ደስ አለኝ። ስጠጋ ግን አንድ ሽማግሌ ጠበል በቅል ይዘዋል። አንዲት ሴት አጥሚት በጣሳ ይዛለች። አጥሚት ለበሽተኛ ነው።

ያኔ ገባኝ። ከተራራው የተጣራው ሰው የሚያውቀው የቃሬዛ ጥሪ አንድ ብቻ ነው፤ የበሽተኛ ጥሪ። ለብረት ተብሎ የተለየ ጥሪ የለም።

"የታመመው የቱ ነው?" አሉ ሽማግሌው። አያ ገብሩ ይባላሉ።

ኪሮስ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ነገሩን አቀልል መስሎኝ ሞኖብሎኮውን አሳየሁና "ይኸ ነው አባቴ፣ ልቡ ቆሟል" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

"በዚህ ጥሪ አይቀለድም" አሉ አያ ገብሩ ቀስ ብለው። "ዛሬ ለብረት ከወጣን ነገ ወላድ ምጥ ጸንቶባት ሲጠሩን ማን ይወጣል? ወፍጮ ነው ይሉናል።"

ከኋላቸው ያለ አንድ ጎልማሳ ቀጠለ። "ደሞስ ለሰው ቀበሌ ወፍጮ እኛ ለምን እንሸከማለን? የኛ ሴቶች እጅ የላቸውም? እዚሁ ይተከል።"

ያመጡን ሰዎች ቃሬዛውን ወሰኑ ላይ አስቀምጠው ተመልሰዋል፤ የነሱ ድርሻ አልቋል። የኪሮስ ሰዎች የቀረውን መንገድ ሁሉ ብቻቸውን የሚችሉት አልነበረም። ምዕራቡ በሙሉ ጠቁሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እጄ ላይ ወደቁ። በሆዴ ወፍጮው ለኮረም ነው፣ አለቀ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ማልቀስ አማረኝ።

ወለላ ከወሰኑ ክምር አንድ ድንጋይ አነሱ። ደህና ከባድ ነው። ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አያ ገብሩ ፊት ቆሙ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው የሚቆመው፤ የተለመነውም ጣይው ማለት አለበት።

"ጥፋቱ የኛ ነው" አሉ ወለላ። "በበሽተኛ ጥሪ ብረት አስጠርተናል። ይቅር በሉን።"

"ይቅር ለእግዜር" አሉ አያ ገብሩ። "ጣይው።"

"አልጥለውም። ነገሬን አልጨረስሁም።"

እንዲህ ያለ ይቅርታ ጠያቂ አይቼ አላውቅም። ድንጋዩ አንገታቸው ላይ ነው፣ ድምፃቸው ግን አይንቀጠቀጥም።

"እዚሁ ይተከል ላልኸው፤ የቅዳሜ ገበያው እኛ ዘንድ ነው። አገሩ ሁሉ እህሉን ይዞ የሚወጣው እኛ ዘንድ ነው። ወፍጮ ሰው በሚሄድበት ይሁን ብለን ነው እንጂ ለኛ ደጅ ብለን አይደለም። ግን እውነትህን ነው፤ እናንተ ሳትሸከሙት አይደርስም። እንግዲህ የተሸከመ ሁሉ ቀን አለው። መጀመሪያ የተሸከመ መጀመሪያ ያስፈጫል። ሁለተኛ የተሸከመ ሁለተኛ። እኛ መጨረሻ ነን፣ መጨረሻ እናስፈጫለን።"

ኪሮስ ደነገጡ። "ወለላ፣ ደጃችን ተተክሎ?"

"ደጃችን ተተክሎ። ቦታው የኛ ነው፣ መንገዱ የነሱ።"

አያ ገብሩ ጎልማሳውን ዞረው አዩት። ጎልማሳው ደግሞ አጥሚት የያዘችውን ሴት አየ፤ ሚስቱ መሆኗን በኋላ አወቅሁ። እሷ ቃሬዛውን በአገጯ አሳየችው።

"እሽ" አሉ አያ ገብሩ። "ጥሪው ግን ይለይ። ለወፍጮ ሲሆን ጥሩምባ ይነፋ። በአፍ የሚጣራው ለሰው ብቻ ይሁን። አሁን ጣይው፣ እህቴ።"

ወለላ ድንጋዩን ካነሱበት ቦታ መልሰው አስቀመጡት። አጥሚቱ እንዳይባክን ተብሎ ለኔ ተሰጠኝ፤ ጠበሉም እግሬ ላይ ፈሰሰ። የበሽተኛውን ድርሻ ሁሉ የበላሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

በየወሰኑ ጥሩምባ እየተነፋልን ሄድን። ካፊያው አልፎ አልፎ ጣል ያደርግ ነበር፤ ሰዎቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ሞኖብሎኮውን ሲያለብሱት አየሁ። ገበያው ሳይበተን ደረስን። እሑድ ሥራ የለም ተባለ፤ እኔም እግሬን በቅቤ አሽቼ ተኛሁ። ወለላ ቤት ነው ያረፍኩት። የጎረቤቶቹ ሴቶች በየተራ የሚበላ ያመጡ ነበር፣ ገብስ ቂጣ በማር፣ ሽሮ፣ ደግሞ ቂጣ በማር። እንደዚያ ያለ ማር አገሬ በፋርማሲ እንኳ አይገኝም።

ከሰኞ ጀምሮ ተከልኩ። ሞተሩ መጀመሪያ እንቢ አለ፣ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያዘ። ለማየት የተሰበሰበው ሰው በሙሉ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቆይቶ ተመለሰ። ክረምቱም በዚያው ዕለት ለየለት፤ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከሥሩ ወፍጮው ይዞራል። ኃላፊዬ አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ምን እንደምለው አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ያስፈጩት ከሰቆጣ በኩል ያሉት የመጀመሪያ ተሸካሚዎች ናቸው። በማግሥቱ የአያ ገብሩ ሰዎች መጡ፤ ያ ጎልማሳ ከሚስቱ ጋር ከሁሉ ቀድሞ ተሰልፏል። የመንደሩ ሴቶች ደጃቸው ላይ ቆመው የሌላውን ዱቄት ያያሉ። ወፍጮው በሚሠራበት ሰዓት ወለላ ቤት የእጅ ወፍጮው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አልቻልኩም፣ ሄድኩ።

"እትዬ ወለላ፣ እህልዎን ያምጡ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲሄድ እፈጭልዎታለሁ፣ ማን ያያል?"

እጃቸውን ከመጁ ላይ አላነሱም። "ድንጋዩን አንገቴ ላይ ይዤ የተናገርሁት ነው" አሉኝ። "አንዴ ካጓደልሁት ናፍታው በየት ያልፋል?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወፍጮ ማድረስ አንድ ጊዜ ነው። ናፍታውና ግራሶው ግን ሁልጊዜ በነዚያ ሰዎች ደጅ ማለፍ አለበት።

ተራቸው ሳይደርስ ተነሳሁ፤ ይማም ትቶኝ እንዳይሄድ። ስንሰነባበት ወለላ ተረከዜን የላጠውን ጫማዬን በጠፍር ሰፍተው አስተካክለው ሰጡኝ። በመንገድ ላይ፣ አያ ገብሩ ቀበሌ ወሰን ላይ፣ ጥሩምባ ሰማሁ። አንድ ሰው ጀሪካን ናፍታ በትከሻው ይዞ ሽቅብ ይመጣል።

"የማን ነው?" አልኩት።

"የወፍጮው።"

"ማን ላከው?"

"እኔ እንጃ። ከወዲያ ሰጡን፣ ወደዚያ እንሰጣለን" ብሎኝ አለፈ። ሐጂ እንድሪስ ከሰቆጣ እንደላኩት ያወቅሁት እሳቸው ቤት ስደርስ ነው። ይማም ዝናቡ እየደበደበው ጠበቀኝ፤ ደግነቱን ላለማሳየት እስከ ኮረም ድረስ ሲሰድበኝ ሄደ።

ኮረም ላይ ሽማግሌው ባዶውን መኪና አዩት። የሚቀጥለው ወፍጮ ለነሱ እንዲሆን ጠይቄያለሁ፣ እስኪፈቀድ ድረስም መጠየቄን አልተውም።

ኃላፊያችን ሪፖርቴን ሰምቶ "ጥሩ ነው ጓድ፤ ግን ይቆማል" አለ። "ከዋናው መንገድ የራቀ ማሽን ሁሉ ይቆማል። አንድ ወር አይሞላውም።" ተከራከርኩት። በእጄ ማስረጃ ስላልነበረኝ ግን ክርክሩ የትም አልደረሰም። በዚያ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር የመፍቻ ቁልፌን እዚያው ረስቼ መምጣቴን ያወቅሁት መሥሪያ ቤት ስደርስ ነው።

ወሩ አልፎ፣ ባለፈው ሳምንት፣ አንድ የማላውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ቤቴን አፈላልጎ መጣ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ። ፈታሁት። ቁልፌ ነው፤ በግራሶ ታሽቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ። ዱቄቱን በጣቶቼ አሸት አሸት አደረግሁት። የእጅ ወፍጮ ዱቄት አይደለም፤ ከማሽን የወጣ ነው፣ የላመ።

"ማን ሰጠህ?" አልኩት።

"ኮረም ላይ አንድ ሽማግሌ ሰጡኝ። ለሳቸው ከሰቆጣ ነው የመጣላቸው፣ ከሰቆጣ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ኮምቦልቻ ላለው ወፍጮ ተካይ ስጠው፣ የወለላ ተራ ደርሷል በለው ብለውኛል። ወለላ ማን እንደሆነች ግን እሳቸውም አያውቁም።"

"እኔ አውቃለሁ" አልኩትና ቤት ግባ አልኩት።